አባት በልጁ ላይ የዘመተበት ዓመት፦ ንጉሠ ነገሥት ዉዲና የመተቱ ጉዳይ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ91 ዓመት፣ የቻይናው የሀን ሥርወ መንግሥት መናገሻ በነበረችው በቻንግአን፣ የመንግሥት ጦርና የአልጋ ወራሹ ሰዎች አምስት ቀን ሙሉ በየጎዳናው ተፋጁ። ጦሩን ያዘመተው አባት ነበር፤ የተዘመተበትም የበኩር ልጁ። አባትየው ንጉሠ ነገሥት ዉዲ ከነገሠ 50 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ልጁ ሊዩ ጁም አልጋ ወራሽ ከተባለ 31 ዓመት ሆኖታል። ውጊያው ሲያበቃ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል፤ እቴጌዪቱ በገዛ እጇ ሕይወቷን አጥፍታለች፤ አልጋ ወራሹም ጥቂት ሳምንታት ተሸሽጎ ከቆየ በኋላ በአንድ ድሀ ጫማ ሠሪ ቤት ውስጥ ራሱን ሰቅሏል። የነገሩ ሁሉ መነሻ ንጉሡን ለመጉዳት መሬት ውስጥ ተቀብሯል የተባለ መተት ነበር።

የተለመደው አተራረክ ጥፋቱን ጂያንግ ቾንግ በተባለ አንድ ነገረኛ ባለሟል ላይ ይጥልና ንጉሡን ሕመምና እርጅና ያታለሉት አባት አድርጎ ያስቀምጠዋል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ይነግረናል። ባለሟሉ የተጠቀመበትን መሣሪያ ያበጀው ንጉሡ ራሱ ነው፤ ያበጀውም ከጉዳዩ ሃያ አምስት ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ ለጦርነቱ ገንዘብ ሲፈልግ ነው። ጉዳዩን ለመረዳት ስለዚህ ከመተቱ ሳይሆን ከግምጃ ቤቱ መነሣት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ በመሆናቸው ቁጥሩ በቀነሰ መጠን ጊዜው ወደ እኛ እየቀረበ እንደሚመጣ አንባቢ ልብ ይበል።

ወደ ዙፋን የመጣበት መንገድ

የዉዲ የተጸውዖ ስም ሊዩ ቸ ሲሆን የተወለደው በ156 ነው። አባቱ ንጉሠ ነገሥት ጂንግ መጀመሪያ አልጋ ወራሽ ያደረገው እሱን ሳይሆን ከሌላዋ ሚስቱ የተወለደውን ሊዩ ሮንግን ነበር። የንጉሡ እኅት ልጇን ለሮንግ ለመዳር ብትጠይቅ የሮንግ እናት አሻፈረኝ አለች፤ የሊዩ ቸ እናት ግን ጋብቻውን በደስታ ተቀበለች። ከዚያ በኋላ የንጉሡ እኅት በወንድሟ ጆሮ የምታንሾካሹከው ሁሉ ለሊዩ ቸ የሚበጅ ሆነ። በ150 ሮንግ ከአልጋ ወራሽነት ተነሣ፤ ሕፃኑ ሊዩ ቸ በቦታው ተተካ፤ ሮንግም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቤተ መቅደስ መሬት ላይ ደፍረህ ሠርተሃል በሚል ክስ ተይዞ ራሱን አጠፋ። ዉዲ የአልጋ ወራሽነት ማዕረግ እንዴት እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚነጠቅ ያወቀው ገና በልጅነቱ ነው።

በ141፣ በ15 ዓመቱ ገደማ ሲነግሥ የሥልጣኑ ቁልፍ በአያቱ በዶው እጅ ነበር። እኒህ እመቤት መንግሥት ዝም ባለ መጠን ሕዝብ ይበለጽጋል የሚለውን የቆየ ትምህርት የሚወዱ ስለነበሩ ወጣቱ ንጉሥ የሰበሰባቸውን የኮንፊውሺየስ ሊቃውንት በ139 በተኑበት። በ135 እስኪሞቱ ድረስ እሱ በአብዛኛው ያድን ነበር።

የሞላው ግምጃ ቤት

ወንድ አያቱና አባቱ በቁጠባ ገዝተው ያወረሱት ሀብት በዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ በሲማ ቺየን ብዕር እንዲህ ተሥሏል፦ የነሐስ ሳንቲሞቹ የተሰኩባቸው ገመዶች በስብሰው ገንዘቡን መቁጠር አልተቻለም፤ በዋናው ጎተራ አሮጌ እህል ላይ አዲስ እህል እየተከመረ ውጭ ፈስሶ ሻገተ።

ይህ ሀብት በሰሜን ካለው ውርደት ጎን ለጎን የተቀመጠ ነበር። የሥርወ መንግሥቱ መሥራች በ200 በሾንግኑ ፈረሰኞች ሰባት ቀን ተከቦ ለጥቂት ካመለጠ ወዲህ ሀን ለእነዚህ የበረሃ ዘላኖች ልዕልት ይድር፣ ሐር፣ እህልና የወይን ጠጅም በየጊዜው ይልክ ነበር። ዉዲ ይህን ለማቆም በ133 በማዪ ከተማ 300,000 ጦር አሸምቆ የሾንግኑን ንጉሥ ወደ ወጥመድ ለማስገባት ሞከረ፤ ንጉሡ ግን እረኛ የሌላቸው ከብቶች በሜዳው ላይ ተበትነው ሲያይ ጠርጥሮ ተመለሰ። ያ ክሽፈት ከአርባ ዓመት በላይ የሚዘልቅ ጦርነት ከፈተ።

በጦርነቱ ውስጥ ለጉዳያችን የሚያስፈልገው የአንድ ቤተሰብ ዕጣ ነው። ንጉሡ በ139 በእኅቱ ቤት ዌይ ዚፉ የምትባል ዘፋኝ አይቶ ወደ ቤተ መንግሥት ወሰዳት። በ128 ሊዩ ጁን ወለደችለትና እቴጌ ሆነች። ከእሷ ጋር ወንድሟ ዌይ ቺንግ መጣ፤ በባርነት ተወልዶ በግ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ነው። በ129 አራት ጄኔራሎች ሲዘምቱ በድል የተመለሰው እሱ ብቻ ነበር። የእኅቷ ልጅ ሁዎ ቹቢንግም በ121 ወደ መካከለኛው እስያ የሚወስደውን ረጅም ሸለቆ ከሾንግኑ አስለቀቀ። በ119 አጎትና የእኅት ልጅ እያንዳንዳቸው 50,000 ፈረሰኛ ይዘው በረሃውን ተሻገሩ፤ ሾንግኑዎችም ከበረሃው ወዲያ ሸሹ። ድሉ ታላቅ ነበር። ነገር ግን ድንበሩን ሲሻገሩ የተቆጠሩት ፈረሶች 140,000 ሲሆኑ የተመለሱት 30,000 አልሞሉም።

የፈረስን ዋጋ የሚያውቅ አንባቢ ከዚህ አንድ ቁጥር የቀረውን ሊገምት ይችላል። ሀን ለዓመታት እንደገና እንዲያ ሊዘምት አልቻለም፤ ግምጃ ቤቱም ባዶ ሆነ።

ገንዘብ የተፈለገበት ዘዴ

ስለዚህ 119 የድል ብቻ ሳይሆን የአዋጅም ዓመት ሆነ። ጨውና ብረት የመንግሥት ብቸኛ ንግድ ሆኑ፤ እንዲያስተዳድሩትም የተሾሙት ባለጸጋ የጨው ነጋዴና ባለጸጋ ብረት አቅላጭ ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር የሉዎያንጉ ነጋዴ ልጅ፣ ሂሳብን በቃሉ የሚሠራው ሳንግ ሆንግያንግ ነበር። ማዕረግ ተሸጠ፤ ከወንጀል ቅጣት በገንዘብ መዋጀት ተፈቀደ። ከነጭ አጋዘን ቆዳ የተሠራ፣ ስፋቱ አንድ ክንድ የማይሞላ ገንዘብም ወጣ፤ ዋጋው 400,000 ሳንቲም ነው ተባለ፤ መሳፍንቱ ለንጉሡ የጄድ ድንጋይ እጅ መንሻ ሲያቀርቡ ይህን ቆዳ ከሥሩ እንዲያነጥፉ ታዘዙ።

የግብርና ሚኒስትሩ ያን ዪ በታማኝነቱ የታወቀ ሰው ነበር። ድንጋዩ ጥቂት ሺህ ሳንቲም ሲያወጣ ምንጣፉ 400,000 ማውጣቱ አይመጣጠንም አለ። ንጉሡ ቅር አለው። ቆየት ብሎ ያን ዪ በሌላ ነገር ተከሶ ጃንግ ታንግ በተባለው ጨካኝ ዳኛ ፊት ቀረበ። በምርመራው የተገኘው ይህ ነው፦ አንድ እንግዳ በቤቱ ተቀምጦ አዲሱ አዋጅ ችግር አለበት ሲል ያን ዪ አልመለሰለትም፤ ከንፈሩ ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ጃንግ ታንግም ሚኒስትሩ አዋጁ እንደማይበጅ እያወቀ ለንጉሡ በግልጽ ሳይናገር በሆዱ ነቅፏል ብሎ ሞት ፈረደበት። በ117 ተገደለ፤ ከዚያ ወዲህ በሆድ መንቀፍ ራሱን የቻለ የሞት ወንጀል ሆነ። ሲማ ቺየን እንደሚለው ከዚያ በኋላ ባለሥልጣኖቹ ማቆላመጥና ፊት አይቶ ማደር ያዙ።

ያን ዪ ትችቱን በፊት ለፊት ሲናገር ንጉሡን አስቀይሟል፤ ዝም ሲል ደግሞ ሞቷል።

ሁለተኛው መሣሪያ የጥቆማ ሽልማት ነበር። ነጋዴዎች ያላቸውን ንብረት አስመዝግበው በየ2,000 ሳንቲሙ 120 ሳንቲም እንዲከፍሉ ታዘዘ፤ ለሰረገላና ለመርከብም ለብቻው ይከፈላል። የደበቀ ወይም አጉድሎ የተናገረ ንብረቱ ይወረስና አንድ ዓመት በድንበር ጥበቃ ያገለግላል፤ የጠቆመው ሰው ደግሞ ከተወረሰው ግማሹን ይወስዳል። ያንግ ከ የሚባል ሹም ጉዳዩን በያዘ ጊዜ ጥቆማው አገሩን አዳረሰ፤ መካከለኛ ኑሮ ካላቸው ነጋዴዎች ጀምሮ ሳይጠቆም የቀረው ጥቂት ነበር። መንግሥት የወረሰው ገንዘብ በመቶ ሚሊዮኖች፣ ባሪያው በሺዎችና በአሥር ሺዎች ተቆጠረ። ሕዝቡም፣ ያው ጸሐፊ እንደሚነግረን፣ ለነገ ማጠራቀሙን ትቶ ያለውን ዛሬ መብላትና መልበስ ጀመረ።

አሠራሩ እንደ ገቢ ምንጭ ተሳካ። ይህን መካድ አይቻልም፤ በ111 የደቡቡን የናንዩዌ መንግሥት፣ በ108 የሰሜን ኮሪያን ምድር የያዘው ጦር የበላው ከዚህ ነው። በ110 ድርቅ ሲሆን ንጉሡ ባለሥልጣናቱ ለዝናብ እንዲጸልዩ አዘዘ፤ ከበግ እረኝነት ተነሥቶ ለከፍተኛ ሹመት የበቃው ቡ ሺ ግን ሳንግ ሆንግያንግን ቀቅሉት፣ ያኔ ሰማዩ ይዘንባል አለ ይባላል። ሆንግያንግ አልተቀቀለም። ማዕረጉ ጨመረ።

ሕጉ ራሱ በዚያን ዘመን አብጦ 359 ምዕራፍ ደረሰ፤ ሞት የሚያስቀጡ አንቀጾች 409፣ የሞት ፍርድ ምሳሌ የሚሆኑ የቀድሞ ውሳኔዎችም 13,472 ነበሩ። ይህን ያህል መዝገብ ማንም ዳኛ ሊያነብ ስለማይችል ሊያድኑት የፈለጉትን የሚያድን፣ ሊገድሉት የፈለጉትንም የሚገድል ምሳሌ ማግኘት ቀላል ሆነ። ሹመትም አስፈሪ ነገር ሆነ። ከ118 እስከ 112 ባለው ጊዜ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች በተከታታይ ተከሰው ራሳቸውን አጠፉ። በ103 የእቴጌዪቱ የእኅት ባል ጎንግሱን ሄ ለዚህ ቦታ ሲመረጥ መሬት ላይ ተደፍቶ እያለቀሰ ማኅተሙን አልቀበልም አለ፤ እኔ የድንበር ሰው ነኝ፣ የማውቀው ፈረስ ግልቢያና ቀስት ውርወራ ነው፣ ለዚህ ሥራ አልበቃም ብሎ ለመነ። ንጉሡ በሐዘኔታ አብሮ አነባ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አንሡት ብሎ አዘዘ፤ ሰውየው አልነሣም ሲል ንጉሡ ትቶት ሄደ። ጎንግሱን ሄ ማኅተሙን ከመቀበል በቀር ምርጫ አልነበረውም። ከወጣ በኋላ ምን እንደ ሆነ ለጠየቁት ከዛሬ ጀምሮ ጠፍቻለሁ አላቸው።

አልጋ ወራሹ

ሊዩ ጁ በ122 አልጋ ወራሽ ሲሆን የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ሲያድግ ገራም ሆነ፤ አባቱ ሲርቅ አገሩን የሚያስተዳድረው እሱ ስለነበር ከባድ ፍርዶችን እያሻሻለ ብዙዎችን ነጻ ያወጣ ነበር። ሕዝቡ ወደደው፤ በሕግ አጥባቂነት ያደጉት ዳኞች ግን ጠሉት። አባትና ልጅ በባሕርይ ባይመሳሰሉም ዉዲ፣ ኋላ እንደተጻፈው፣ እኔ ድካሙን ልውሰድ፣ ለአንተ ዕረፍቱን ልተውልህ ይለው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ቀስ በቀስ ነው። ሁዎ ቹቢንግ በ117 ገና በ24 ዓመቱ ሞተ፤ ዌይ ቺንግ በ106 ሞተ፤ የእቴጌዪቱ ውበት ከእርጅና ጋር ሄደ፤ ንጉሡም ዘላለማዊ ሕይወት የሚሰጡ ሰዎችን ፍለጋ ወደ ባሕር ዳርቻና ወደ ታይ ተራራ ሲመላለስ ከልጁ ጋር የሚገናኝበት ቀን እያነሰ መጣ። በ94 ጎዪ የምትባል ወጣት እመቤት ከ14 ወር እርግዝና በኋላ ሊዩ ፉሊንግን ወለደች ተባለ። ጥንታዊው ቅዱስ ንጉሥ ያኦም በ14 ወሩ ተወለደ ይባል ስለነበር ዉዲ የልደት ቤቱን በር የያኦ እናት በር ብሎ ሰየመው። ከሺህ ዓመት በኋላ የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ጓንግ ይህን ስያሜ ክፉኛ ነቅፎታል፤ አልጋ ወራሽና እቴጌ በሕይወት እያሉ ሌላ ሕፃን ከቅዱስ ንጉሥ ጋር ሲመሳሰል ነገረኞች የንጉሡን ልብ አነበቡ ይላል። በዚህ ነጥብ ከእሱ ጋር እስማማለሁ። ፊት አይቶ ማደር በለመደ ቤተ መንግሥት የበር ስም እንኳ እንደ አዋጅ ይነበባል።

ከ92 እስከ 91

በ92 መጨረሻ ንጉሡ ሰይፍ የያዘ ሰው በቤተ መንግሥቱ በር ሲገባ አየሁ አለ። ሰውየው አልተገኘም፤ የበሩ ሹም ተገደለ፤ የቻንግአን በሮችም ተዘግተው ከተማው ለ11 ቀን ተፈተሸ።

በዚያው ሰሞን የጠቅላይ ሚኒስትሩ የጎንግሱን ሄ ልጅ ከሰሜኑ ጦር 19 ሚሊዮን ሳንቲም ሰርቆ ታሰረ። አባት ልጁን ለማስፈታት ንጉሡ አጥብቆ ይፈልገው የነበረውን ጁ አንሺ የተባለ ሽፍታ አሳድጄ ልያዝ ብሎ ተዋዋለ፤ ያዘውም። ሽፍታው ምክንያቱን ሲሰማ ሳቀና የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥፋት ዘር ማንዘሩን ያዳርሳል፤ የደቡብ ተራሮች ቀርከሃ ሁሉ ቃሌን ለመጻፍ አይበቃም አለ። ከእስር ቤት ሆኖም የጎንግሱን ሄ ልጅ ከንጉሡ ልጅ ከልዕልት ያንግሺ ጋር ባልጓል፣ ወደ ጋንቹዋን ቤተ መንግሥት በሚወስደው የንጉሥ መንገድ ላይም መተት ቀብሯል ሲል ጻፈ። ማኅተሙን ላለመቀበል ያለቀሰው ሰው በ91 መጀመሪያ ከልጁ ጋር በእስር ቤት ሞተ፤ ቤተ ዘመዱ ተጨፈጨፈ። ሁለት የንጉሡ ሴቶች ልጆችና የዌይ ቺንግ ልጅም በዚያው ነገር ተገደሉ።

ጂያንግ ቾንግ ወደ መድረኩ የወጣው እዚህ ላይ ነው። የሥራ ታሪኩ በሙሉ የጥቆማ ታሪክ ነው፤ በትውልድ አገሩ በጃኦ የገዢውን አልጋ ወራሽ ለንጉሡ ጠቁሞ ከሥልጣን አስነሥቶ ነበር ወደ ቻንግአን የመጣው። ዉዲ ወደደውና የመኳንንቱን ጥፋት የሚከታተል ልዩ መልእክተኛ አደረገው። አንድ ቀን የአልጋ ወራሹ አገልጋይ ለንጉሥ ብቻ በተከለለው መንገድ ሰረገላ ሲነዳ ይዞ ከሰሰው፤ ሊዩ ጁ ለአባቴ አትንገርብኝ ብሎ ቢልክበትም ቾንግ ነገሩን ለንጉሡ አቀረበ፤ ንጉሡም አገልጋይ እንዲህ መሆን አለበት ብሎ አመሰገነው። ቾንግ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊዩ ጁ የነገሠ ዕለት እንደሚሞት ያውቅ ነበር።

ንጉሡ በቀን እንቅልፍ ላይ ሳለ በሺዎች የሚቆጠሩ የእንጨት ሰዎች በበትር ሲመቱት በሕልሙ አይቶ ታመመ። ቾንግ ሕመሙ የመተት ነው አለ፤ ምርመራው ተሰጠው። ባዕዳን ጠንቋዮችን አስከትሎ መሬት ያስቆፍራል፤ ቀድሞ የመተት ምልክት ባስደረገበት ቦታ ላይ ሰው ይይዛል፤ በጋለ ብረት ያሳምናል፤ ያመነውም ሌላውን ይጠቁማል። በዋና ከተማውና በአውራጃዎች የሞተው በአሥር ሺዎች ተቆጠረ። ከዚያ ቁፋሮው ወደ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ገባ፤ ከዙፋኑ ሥር ሳይቀር ተቆፈረ፤ በእቴጌዪቱና በአልጋ ወራሹ እልፍኝም አልጋ የሚዘረጋበት ደህና ወለል ጠፋ። በመጨረሻ ከአልጋ ወራሹ ዘንድ ብዙ የእንጨት ምስል አገኘሁ አለ።

ንጉሡ ያን ጊዜ በሰሜን ምዕራብ ባለው በጋንቹዋን የበጋ ቤተ መንግሥት ታሞ ተኝቷል፤ ከእቴጌዪቱና ከልጁ የሚላኩ መልእክተኞችም መልስ አያገኙም። የሊዩ ጁ መምህር ሺ ደ፣ ምስሉ ተቀብሮ ይሁን ሆን ተብሎ ተጥሎ ማስረዳት አንችልም፣ ንጉሡ በሕይወት መኖሩንም አናውቅም፣ በቺን ዘመን በአልጋ ወራሹ በፉሱ የሆነውን አትርሳ አለው። ፉሱ አባቱ፣ ከሀን በፊት የነበረው የቺን ሥርወ መንግሥት የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት፣ ከሞተ በኋላ በሐሰተኛ የአባቱ ትእዛዝ ራሱን ያጠፋ ነው። ከዚያ ወዲያ የሆነው በፍጥነት ሆነ፦ የአልጋ ወራሹ ሰው የንጉሥ መልእክተኛ መስሎ ጂያንግ ቾንግን ያዘ፤ ሊዩ ጁ ቆሞ አስገደለው፤ ጠንቋዮቹ ተቃጠሉ፤ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱ ተከፈተ። ከቾንግ ጋር የነበረው ጃንደረባ ሱ ዌን ግን አምልጦ ጋንቹዋን ደረሰ።

የጉዳዩ ማጠፊያ በእኔ እይታ ቀጥሎ ያለው ነው። ዉዲ መጀመሪያ አልተቆጣም። ልጄ ፈርቶ፣ በቾንግም ተናዶ ነው ይህን ያደረገው ብሎ እንዲጠራው አንድ መልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው ወደ ከተማው ለመግባት ፈራና ከመንገድ ተመልሶ አልጋ ወራሹ ዐምጿል፣ ሊገድለኝ ሲል አመለጥሁ አለ። ይህን ውሸት ለመናገር የፖለቲካ ምክንያት አላስፈለገውም። በዚያ ቤተ መንግሥት ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተከሳሽን ንጹሕ ነው ብሎ የተሸለመ ሰው ማየት እጅግ ብርቅ ነበር፤ ክስ ይዞ የመጣ ግን ሲሾም ሁሉም አይቷል። መልእክተኛው የተማረውን አደረገ።

አምስቱ ቀናት

ንጉሡ የበሬ ጋሪ እየደረደሩ መንገድ እንዲዘጉ፣ የከተማው በሮች እንዲቆለፉ፣ ማንም ዐማፂ እንዳያመልጥ አዘዘ። ሊዩ ጁ እስረኞችን ፈትቶ፣ የገበያ ሰዎችን አስታጥቆ ተዋጋ። ሁለቱም ወገን የንጉሥን ሥልጣን የሚያሳየውን ቀይ ዘርፍ ያለው በትር ስለያዘ ንጉሡ በራሱ በትሮች ላይ ቢጫ ዘርፍ ጨመረበት። የንጉሡ ጦር እየበዛ ሲሄድ አልጋ ወራሹ ተሸንፎ በደቡብ በር ሸሸ። እናቱ የእቴጌነት ማኅተሟን አስረክባ ራሷን አጠፋች። እሱም ከቻንግአን ወደ ምሥራቅ በሁ አውራጃ አንድ ድሀ ሰው ጫማ እየሸጠ ሲመግበው ቆየ፤ ከዚያ በዚያው አገር ወደሚያውቀው ሀብታም ሰው ቢልክ ታወቀበት። ሹማምንቱ ቤቱን ሲከቡት በሩን ዘግቶ ተሰቀለ፤ ባለቤቱ ሲከላከልለት ሞተ፤ ሁለት ወንዶች ልጆቹም ተገደሉ።

የተሳተፉት ሰዎች ዕጣ ከውጊያው ይልቅ ያስተምራል። የሰሜን ጦር አዛዥ ረን አን ከአልጋ ወራሹ የተላከለትን የጦር ማዘዣ ምልክት ተቀብሎ፣ በሩን ዘግቶ ከማንም ጋር ሳይወግን ተቀመጠ። ንጉሡ ማን እንደሚያሸንፍ ሊያይ ተቀምጧል ብሎ ወገቡን አስቆረጠው። አባትና ልጅን ማፋረድ ከብዶት በሩን የከፈተው ቲየን ረንም እንዲሁ ተገደለ። በአልጋ ወራሹ ላይ የተዋጉት ተሸለሙ፤ ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ ነፋሱ ዞረና ከእነሱ መካከልም የሚገደሉ መጡ። ዝም ያለ፣ የራራና የታዘዘ ሁሉ በአንድ ጉድጓድ ገባ።

የንጉሡ ጸጸት

በ90 የሥርወ መንግሥቱ መሥራች ቤተ መቅደስ ጠባቂ የሆነው ተራ ሹም ቲየን ቺየንቺዩ አቤቱታ ጻፈ። ልጅ በአባቱ ጦር ቢጫወት ቅጣቱ ጥቂት ጅራፍ ነው፤ የንጉሠ ነገሥት ልጅ በስሕተት ሰው ቢገድልስ ምን ወንጀል አለው፤ ይህንን በሕልሜ አንድ ሽበታም ሽማግሌ እንድል አስተማረኝ አለ። የሽማግሌው ነገር ብልህነት ነበር፤ ተናጋሪው ሟች መሥራቹ ንጉሥ እንደ ሆነ ያስመስላል፣ ስለዚህም ማንም በሆዱ ነቀፈ ብሎ ሊከሰው አይችልም። ዉዲ ጠርቶ አነጋገረው፤ ወዲያው ሾመው፤ በ89 ጠቅላይ ሚኒስትር አደረገው። የጂያንግ ቾንግ ቤተ ዘመድ ተጨፈጨፈ፤ ሱ ዌን በዌይ ወንዝ ድልድይ ላይ ተቃጠለ። ንጉሡም ልጁ በሞተበት በሁ ልጅን የመናፈቅ ቤተ መንግሥት ብሎ የሰየመውን ሕንጻ አሠራ።

ጸጸቱ እውነተኛ ቢሆንም በተመሳሳይ ዘዴ መገለጡ አይካድም፤ በክስ የሞተውን በክስ በሌሎች ሞት ካሰ። በ88 አንዱ በአልጋ ወራሹ ላይ የተዋጋ ሁለት ወንድማማቾች፣ ተራው ወደ እኛ ይመጣል ብለው ፈርተው ንጉሡን በመኝታ ቤቱ ሊገድሉ ሞከሩ፤ ጂን ሚዲ የተባለው፣ ከሾንግኑ ተማርኮ በፈረስ ጠባቂነት የጀመረ ታማኝ አገልጋይ፣ ሊገድል የገባውን አንቆ ያዘው።

በመንግሥት ሥራ ግን እውነተኛ ለውጥ መጣ። በ90 ጄኔራል ሊ ጓንግሊ፣ እሱም በመተት ክስ ቤተሰቡ ሲታሰር፣ ብዙ ጦር አስፈጅቶ እጁን ለሾንግኑ ሰጠ። በ89 ሳንግ ሆንግያንግ በሩቅ ምዕራብ በሉንታይ የጦር ሰፈርና እርሻ እንዲቋቋም ሐሳብ ሲያቀርብ ንጉሡ አልተቀበለም። ለድንበሩ ወጪ በነፍስ ወከፍ 30 ሳንቲም ይጨመር የሚለውንም አንሥቶ ይህ ሽማግሌዎችን፣ ደካሞችንና ወላጅ አልባዎችን ማስጨነቅ ነው አለ። ለቲየን ቺየንቺዩ የሰጠው የማዕረግ ስም ሕዝብን አበልጻጊ የሚል ነበር።

አልጋው ለትንሹ ለፉሊንግ ተወሰነ። እናቱን ጎዪን ንጉሡ አስቀድሞ አስገደላት፤ ሕፃን ሲነግሥ እናት እንዳትገዛ ነው አለ፤ በአያቱ በዶው ሥር የተቀመጠባቸውን ዓመታት አልረሳም ማለት ነው። በ87 ዉዲ ሲሞት ፉሊንግ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ የሁዎ ቹቢንግ ወንድም ሁዎ ጓንግ፣ ጂን ሚዲና ሳንግ ሆንግያንግ ከሞግዚቶቹ መካከል ነበሩ። ሆንግያንግ በ81 በቤተ መንግሥት ከተሰበሰቡ ሊቃውንት ጋር ስለ ጨውና ብረት ንግድ ተከራክሮ አብዛኛውን አሠራር ቢያድንም በሚቀጥለው ዓመት በሴራ ተከሶ ተገደለ።

ከሊዩ ጁ ቤት የተረፈው በ91 የጥቂት ወራት ሕፃን የነበረ የልጅ ልጁ ነው። ሕፃኑን በእስር ቤት ያገኘው ቢንግ ጂ የተባለ መርማሪ ሁለት ሴቶች እስረኞች እንዲያጠቡት አደረገ። በ87 ኮከብ ቆጣሪዎች ከቻንግአን እስር ቤቶች የንጉሥ መንፈስ ይታያል ሲሉ ዉዲ እስረኞቹ ሁሉ እንዲገደሉ አዘዘ። ቢንግ ጂ በሩን በመልእክተኛው ፊት ዘጋ፤ ተራ ሰው እንኳ ያለ ወንጀል አይገደልም፣ የንጉሡ የልጅ ልጅ ልጅማ እንዴት ብሎ እስኪነጋ ድረስ አላስገባውም። መልእክተኛው ተመልሶ ከሰሰው። ዉዲ ግን ይህ የሰማይ ሥራ ነው ብሎ ምሕረት አወጀ። በዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ እምቢ ያለ ሹም በሕይወት ሲቀር የምናየው በዚህ ጊዜ ነው።

ያ ሕፃን በ74 ሹዋን በሚል ስም ነገሠ። በ72 ለቅድመ አያቱ ለዉዲ ከፍ ያለ የቤተ መቅደስ ክብርና የራሱ ዜማ እንዲሰጥ ባለሥልጣናቱን አማከረ። ሁሉም ሲስማሙ ሺያሆው ሸንግ የተባለ ሊቅ ብቻውን ተቃወመ፤ ዉዲ ምድር ቢያሰፋም ብዙ ወታደር አስፈጅቷል፣ የሕዝቡን ሀብት አራቁቷል፣ ከሕዝቡ ግማሹ አልቋል፣ ስለዚህ ዜማ አይገባውም አለ። የንጉሥን ትእዛዝ ተቃወመ ተብሎ ታሰረ፤ ሳይከስሰው ዝም ያለው ህዋንግ ባ የተባለ ሹምም አብሮት ገባ። ሁለቱ በእስር ቤት መጽሐፍ እየተማማሩ ቆዩ፤ በ70 በ49 አውራጃዎች የምድር መናወጥ ሲሆን በወጣው ምሕረት ተፈቱ፤ ሺያሆው ሸንግም ኋላ የአልጋ ወራሹ መምህር ሆነ። ለዉዲ የተሰጠው የቤተ መቅደስ ክብር ግን እንደ ጸና ቀረ።